«ኦኬ» ከማለታችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

ከውጭ ዜጎች ጋር በእንግሊዝኛ ስሠራ ነው የሸበትኩት። አንድ ነገር ልንገራችሁ። ጎበዝ ልጆች ስብሰባ ላይ ይቀመጣሉ። እንግሊዝኛቸው ጥሩ ነው። አለቃው ሲፈጥን ግን ግማሹ ያመልጣቸዋል። «የስ፣ የስ፣ ኦኬ» እያሉ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ከዚያ ኮሪደር ላይ «ምን ነበር ያለው?» ይባባላሉ። ይሉኝታ ነው የያዛቸው።

እ.ኤ.አ. በ1977 ቴነሪፍ ደሴት ላይ ሁለት አውሮፕላኖች መንደርደሪያው ላይ ተጋጭተው 583 ሰው አለቀ። ጉሙን ጨምሮ ምክንያቱ ብዙ ነው። ግን የአንደኛው፣ የሆላንዱ አውሮፕላን ረዳት አብራሪ በእንግሊዝኛ የተናገረውን ስፔናዊው ተቆጣጣሪ «ለመነሳት ተዘጋጅተናል» ማለቱ መሰለው። አውሮፕላኑ መንደርደር ጀምሮ ነበር። ተቆጣጣሪው «ኦኬ» አለ። «ጠብቁ» ማለቱ በሬዲዮ መደራረብ ሳይሰማ ቀረ። ዛሬ አብራሪ የበረራ ፈቃድ ሲሰጠው «ኦኬ» ብሎ አያልፍም፤ የተባለውን መልሶ ይናገራል።

እናንተም እንደዚያው አድርጉ፤ ወሬው ውስጥ ግን ሳይታወቅ ይግባ። «ሶ ዩ ዋንት ሚ ቱ ፊኒሽ ዘ በጀት ፈርስት፣ ራይት?» በሉ። ከተሳሳታችሁ ሰውየው እዚያው ያርማችኋል። ያመለጣችሁ አንድ ቃል ብቻ ከሆነ የሰማችሁትን ይዛችሁ መጨረሻው ላይ ጠይቁ፦ «ሴንድ ኢት ቱ ሁ?» እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ሰዎች ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው የሚጠያየቁት። ምንም ካልሰማችሁ «ሶሪ?» ይበቃል። ባዶ «ዋት?» ቆጣ ያለ ይመስላል።

ቁጥር ላይ አትመኑ። 15 እና 50 ስልክ ላይ አንድ ናቸው። «ዋን ፋይቭ ኦር ፋይቭ ዚሮ?» ብሎ መጠየቅ የተለመደ ነው። ሰዓትማ የኛው ጣጣ አለበት። ጠዋት ሁለት ሰዓት ለነሱ ስምንት ነው፤ ስለዚህ «ኤይት ኢን ዘ ሞርኒንግ፣ ዩር ታይም?» ብላችሁ አረጋግጡ።

«ዲድንት ዩ ጌት ማይ ኢሜይል?» ሲባል እኛ «አዎ፣ አልደረሰኝም» ለማለት «የስ» እንላለን። ጠያቂው ግን «ደርሶታል» ብሎ ይሄዳል። «ኖ፣ አይ ዲድንት» ብላችሁ ሙሉውን ተናገሩ። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ስበን የምንላት «አዎ»ም ለማያውቃት ድንጋጤ ትመስላለች።

አስረጂዎቹ እናንተ ስትሆኑ «ዱ ዩ አንደርስታንድ?» አትበሉ፤ ተማሪ የሚገሥጽ መምህር ያስመስላችኋል። «ዳዝ ዛት ሜክ ሴንስ?» ለስለስ ያለ ነው። ግን ለሱም «የስ» ማለት ቀላል ነው። እኔ የምመርጠው «ሶ ዌር ዊል ዩ ስታርት?» የሚለውን ነው። ሰውየው ከየት እንደሚጀምር ሲነግራችሁ የገባውንም ያልገባውንም ትሰማላችሁ።