ፐርፐሴን ፍለጋ ስሄድ ማይክሮስኮፑን ለማን ተውኩት

ባለፈው ሳምንት አንዲት ልጅ በቴሌግራም ጻፈችልኝ። አዋላጅ ነርስ ናት፣ ከአዲስ አበባ ወጣ ያለ ጤና ጣቢያ ነው የምትሰራው፣ ቤተክርስቲያናችን የወጣቶች ፕሮግራም ላይ ስለ ሙያ እንዳወራ የጋበዙኝ ቀን ነው ስልኬን የወሰደችው። «ጋሼ፣ እግዚአብሔር ለኔ ያለው ፐርፐስ፣ የተፈጠርኩበት ዓላማ፣ ምን እንደሆነ በምን አውቃለሁ? አሁን ያለሁበት ስራ ጊዜዬን እየበላብኝ ነው፣ ወደ አሕዛብ እንደምላክ በትንቢት ተነግሮኛል፣ ሰኞ መልቀቂያ ላስገባ ነው።»

ሶስት ቀን ሙሉ አልመለስኩላትም። ጥያቄው ከብዶኝ አይደለም፣ ይሄን ጥያቄ በአመት ሃያ ጊዜ እጠየቃለሁ፣ «ጸልዩ፣ ቃሉን አንብቡ፣ አባቶችን አማክሩ» ብዬ እገላገላለሁ፣ እሱን ደግሞ ማንም ይነግራችኋል። የያዘኝ «ጊዜዬን እየበላብኝ ነው» የምትለዋ ናት። በ1980 ዓ.ም. እኔም ቃል በቃል ይቺኑ ብያለሁ። እና ልመልስላት ስቀመጥ ረዘመ፣ ከረዘመ አይቀር ለሁላችሁም ይሁን።

እኔ በሙያዬ ላብራቶሪ ቴክኒሽያን ነኝ፣ ጡረታ ከወጣሁ ሁለት አመቴ። በ1978 በ22 አመቴ የተመደብኩት መተከል ነበር፣ በለስ ሸለቆ፣ ፓዌ ሰፈራ። ለማታውቁት፣ ከ77ቱ ድርቅ በኋላ ደርግ ሰዉን ከወሎ፣ መሬት ከጠበበባቸው ከከምባታና ከሀድያም እየጫነ አምጥቶ ያሰፈረበት ቆላ ነው። መንደሮቹ በስም ሳይሆን በቁጥር ነው የሚጠሩት፣ መንደር 7፣ መንደር 12 እየተባለ። የመሬቱን ባለቤቶች፣ ጉሙዞቹን፣ ማንም አልጠየቃቸውም (እሱ ሌላ ጸጸት ነው፣ የኔ ብቻም አይደለም)። በሬው በገንዲ፣ የቆላ ዝንብ በሚያመጣው የከብት በሽታ፣ ያልቃል፣ ጣልያኖቹ የጣና በለስ ፕሮጀክታቸውን ይዘው ሲመጡ እርሻው በትራክተር ሆነ። ክረምቱ ወጣ ሲል ደግሞ፣ ከመስከረም እስከ ታህሳስ፣ ወባው ነው። ደጋ ተወልዶ ላደገ ሰው የበለስ ወባ በሽታ ሳይሆን ፍርድ ነበር የሚመስለው።

የኛ ጤና ጣቢያ የጭቃ ቤት ነው፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ መብራት የሚባል የለም። ማይክሮስኮፑ በመስታወት ነው የሚሰራው፣ ከስሩ ያለችው መስታወት የፀሐይዋን ብርሃን ከመስኮት ተቀብላ ወደ ላይ ትልካለች፣ ስለዚህ ደመና ከሆነ ስራ የለም፣ ፀሐይዋ ስትዞር እኔም ጠረጴዛዬን ተሸክሜ እዞራለሁ። ደም የምንቀባበትን ስስ መስታወት፣ ስላይዱን፣ አንዴ ተጠቅመን አንጥልም፣ በኦሞ ዘፍዝፈን አጥበን እንደገና ነው። ደሙን ቀብተህ እንዲደርቅ ስታስቀምጠው ካልሸፈንከው ዝንብ ይልሰዋል፣ ጉንዳንም ይመጣል፣ ገና ጊምሳ ቀለሙን ሳታፈስበት ናሙናህ ተበልቶ ይጠብቅሃል።

ከሁሉ የማልረሳት ግን ሲሊካ ጄሏን ነው። የማይክሮስኮፑ እንጨት ሳጥን ውስጥ በጨርቅ ከረጢት የምትቀመጥ ጠጠር ናት፣ እርጥበት ትጠጣለች። ደረቅ ስትሆን ሰማያዊ ናት፣ ጠጥታ ስትጠግብ ሮዝ ትሆናለች፣ ያኔ ምጣድ ላይ አድርገህ ልክ እንደ ቡና መቁላት ነው፣ ቀስ እያለ ሰማያዊነቷ ይመለሳል። እሷ ካልተቆላች በዛ ሙቀትና እርጥበት ሌንሱ ሻጋታ ያወጣል፣ ሌንሱ ከሻገተ ደግሞ አለቀ። በየአስራ አምስት ቀኑ እየቆላሁ ከረጢቷ ውስጥ እመልሳት ነበር። ጽዳት የሚሰራ የወሎ ልጅ ነበረን፣ አስራ ሰባት ቢሆነው ነው፣ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ፣ ምጣዱ ላይ ጎንበስ ስል አጠገቤ ቁጢጥ ይላል። «ዶክተር፣ ዛሬ እኔ ልቁላት» (ያው ነጭ ጋውን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው)፣ ሲደፍር ደግሞ «ማየቱንም ብታስተምረኝ» ይለኛል። እኔ «በኋላ፣ በኋላ» እለዋለሁ። በኋላማ መጽሐፍ ቅዱሴን ይዤ ዛፍ ስር እቀመጣለሁ፣ ለምን እንደተፈጠርኩ እንዲገልጥልኝ ጌታን ልጠይቅ።

አንድ ቀን አንዲት እናት የስምንት አመት ልጅ አዝላ መጣች። ድሬሰሩ፣ የጤና ረዳታችን፣ ሁለት ጊዜ የወባ መድሃኒቱን ክሎሮኪን ሰጥቷታል፣ ትኩሳቱ ሄደ ሲባል ይመለሳል። ስላይዱን አየሁ፣ በቀይ ሴሉ ውስጥ ቀለበት መስላ የምትታየውን የወባ ተውሳክ ፈለግኩ፣ የለም። ሳንቀሳቅሰው፣ ሳንቀሳቅሰው፣ በቀይ ሴሎቹ መሀል አንዲት ወይን ጠጅ ክር አየሁ፣ ከተተረተረ ሹራብ እንደወጣ ክር የተጠማዘዘች። ቀጥሎ ሌላ፣ ቀጥሎ ሌላ። ግርሻ ነው፣ በቅማል የሚተላለፈው፣ ክሎሮኪን ምንም አያረገውም። ፔኒሲሊን ተወጋች። የዚህ በሽታ ክፋቱ ደግሞ መድሃኒቱ ሲገባ ለጥቂት ሰዓት መንቀጥቀጡ ይብሳል፣ ማታውን አልጋው እስኪጮህ ተንቀጠቀጠች፣ እናትየው ገደላችሁብኝ ብላ ራሷን ስትመታ እኔና ድሬሰሩ ስናድር ነጋ። ጠዋት ልጅቷ ቆሎ አምጡልኝ አለች።

የልጅቷ አያት ከከምባታ የመጡ ሽማግሌ ናቸው፣ በማታ ጎጆአቸው የሚሰበሰበውን ጸሎት የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ዘመኑ ቤተክርስቲያን የሚዘጋበት ስለነበር ድምጽ ዝቅ ተደርጎ ነው የሚዘመረው፣ በከምባትኛ፣ ኩራዙ ደግሞ ነፋስ በገባ ቁጥር ይጠፋል። እኔም እዛ ነበር የማመልከው። የዚያን ሰሞን ማታ ትከሻዬን ይዘው «ልጄ፣ ጌታ ዓይን ሰጥቶሃል» አሉኝ። በጣም ቅር አለኝ! አሁን ሳስበው እንኳ ያሳፍረኛል። እኔ አፍ ነበር የምፈልገው፣ ሰባኪ መሆን፣ ሕዝብ ፊት መቆም። ዓይንማ ምን ይሰራል።

በ1980 ሐምሌ ለእረፍት አዲስ አበባ ገባሁ፣ በአንድ የህቡዕ ጸሎት ቤት አንድ ወንድም እጁን ጭኖ «አፍህን ለብዙ ሕዝብ እከፍተዋለሁ ይልሃል» አለኝ። አለቀስኩ፣ ይሄው መልሱ አልኩ። ተመልሼ ሄጄ አንድ ወር አልቆየሁም። ያኔ መንግስት ከመደበህ ቦታ መልቀቅ እንደ አሁኑ በደብዳቤ የሚያልቅ ነገር አይደለም፣ ስለዚህ ጠፋሁ ማለት ይቀላል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ የወባው ወቅት ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ማለት ነው፣ ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ወደ ጭነት መኪናው ስሄድ ሽማግሌው መንገድ ላይ አገኙኝ። የት ነው አላሉኝም። «ልጄ፣ መሳሪያውን ማን ያይበታል?» አሉ።

«እግዚአብሔር ሰው አያጣም» አልኳቸው።

እስኪ ይቺን ዓረፍተ ነገር እዩአት። ምኗ ይሳሳታል? ምንም። እኔ ግን እሷን እንደ በር ነው የተጠቀምኩባት፣ ከኋላዬ ዘጋኋት። ሽማግሌው ዝም አሉ፣ ሻንጣዬን ተቀብለው መኪናው ድረስ ተሸከሙልኝ።

አዲስ አበባ ሶስት አመት ስጠብቅ ከረምኩ። ደርግ ወደቀ፣ የእምነት ነጻነት መጣ፣ ኮንፈረንሱ በየሜዳው ሆነ፣ በ1984 አንድ ጊዜ መድረክ ተሰጠኝ። አስራ አንድ ደቂቃ አወራሁ፣ ስምንቱን ያለ ትንፋሽ፣ ሶስቱን ያልኩትን እየደገምኩ፣ ከዛ ወረድኩ። ደግሞ የጠራኝ የለም። ከዛ የግል ላብራቶሪ ገባሁ፣ አገባሁ፣ ልጆች አሳደግኩ፣ በትርፍ ሰዓቴ አስተማርኩ፣ ኖርኩ በቃ።

በ1989 ለላብራቶሪ ጥራት ቁጥጥር ከቡድን ጋር ወደዛው አካባቢ ተላክሁ። በቻግኒ በኩል ስንወርድ ጀምሮ ሆዴ ይገለባበጥ ነበር። ጤና ጣቢያው ደረስን፣ ማይክሮስኮፑን አምጡ አልኩ፣ ከመጋዘን ሳጥኑን አመጡልኝ። ያው ሳጥን ነው። ከፈትኩት፣ ከረጢቷ ጥጓ ላይ አለች፣ ጠጠሯ ሮዝ። ሌንሱን ወደ መስኮት ይዤ ሳየው ውስጡ ሸረሪት ያደራችበት ይመስላል። መዝገቡን ጠየቅሁ፣ የወባ ምርመራ መዝገቡ መጨረሻ ገጽ ላይ የኔው እጅ ጽሁፍ ነው፣ ነሐሴ 1980፣ ከስሩ ባዶ። ከኔ በኋላ ተተኪ አልመጣም። ድሬሰሩ ትኩሳት ያለውን ሁሉ በግምት ክሎሮኪን እየሰጠ ነው የኖረው፣ ምን ያርግ። ከነዛ ውስጥ ስንቱ ግርሻ ነበር፣ ስንቱ ማጅራት ገትር ነበር፣ ማን ያውቃል፣ ባዶ ገጽ አይቆጠር።

የወሎው ልጅስ? በ83 ወደ ሀገሩ ተመለሰ አሉኝ። ሲሊካ ጄል መቁላት ለማስተማር አስር ደቂቃ ነው የሚፈጀው እኮ። ወባ ማየቱም ቢሆን ለዛ ለነቃ ልጅ በሁለት ወር ይገባው ነበር። እኔን ሌሊት የሚያነቃኝ መሄዴ አይደለም፣ መሄድስ ሰው ይሄዳል፣ «በኋላ፣ በኋላ» ማለቴ ነው።

ሽማግሌው በሕይወት ነበሩ። ያኔ ችግኝ የነበረው ማንጎ ጎጆአቸውን ጋርዶታል። ያቺ ልጅ አግብታ አንድ ወልዳለች አሉኝ። ቁጭ ብለን ማንጎ እየላጡ አጎረሱኝ፣ ከዛ ምንም ነገር በሌለበት፣ ከልባቸው፣ «እና ልጄ፣ ስብከቱ ሆነ ወይ?» አሉኝ። ለዘጠኝ አመት ሲጸልዩልኝ ነበር ለካ። «አልሆነም አባባ» አልኩ። «ይሆናል» አሉ፣ ሌላ ማንጎ አነሱ።

ኤርምያስ 29 ቁጥር 11ን ሁላችሁም ስክሪናችሁ ላይ ለጥፋችኋል፣ ፍጻሜና ተስፋ የምትለዋን። እኔ ያቺን ምዕራፍ ሙሉዋን የሰማሁት እኚህ ሽማግሌ ጋ ነው፣ እሳቸው ቁጥር 5 ላይ ነበር የሚቆዩት። ተማርካችሁ በሄዳችሁበት ባቢሎን ቤት ሰርታችሁ ተቀመጡ፣ አትክልት ትከሉ፣ ለከተማይቱም ሰላም ጸልዩ ይላል፣ ተስፋው ደግሞ ከሰባ አመት በኋላ ነው የሚፈጸመው። ከሀገሩ ተጭኖ የመጣ ሰው ሲያነበው ሌላ ነው። ማንጎውን የተከሉትም አንብበው ነው። ዳዊትን ደግሞ እዩት፣ ሳሙኤል ቀብቶት እንኳ ወደ በጎቹ ነው የተመለሰው፣ ወደ ጦር ሜዳ በሄደባት ጠዋት፣ 1ኛ ሳሙኤል 17፡20፣ በጎቹን ለጠባቂ ትቶ ሄደ ይላል። ለጠባቂ! ስንት አመት ጎልያድን ስሰማ ይቺን ቃል አንድም ሰባኪ አንስቶልኝ አያውቅም።

የዛሬ ልጆች ግን አንዳንዴ አትገቡኝም። ፐርፐስ ፐርፐስ ትላላችሁ፣ ስትዘረዝሩት መድረክ ነው፣ ማይክ ነው፣ አውሮፕላን ነው፣ ሰው ሁሉ «ለአሕዛብ» ነው የሚላከው፣ ወደ ፓዌ የሚላክ የለም። ወባው ደግሞ አልጠፋም፣ በፈረንጆቹ 2024 ብቻ በሀገራችን ከ7 ሚሊዮን በላይ ሰው ታሟል። በቲክቶክ ላይቭ ስም እየጠራ የሚተነብየውን እያያችሁ ሌሊቱን ታነጋላችሁ፣ ጠዋት ስራ ቦታ ታንቀላፋላችሁ። ደግሞ እኔን ብሎ ተቺ፣ እኛስ ቲክቶክ አጥተን እንጂ የባስን ነበርን።

ትንቢት ውሸት ነው እያልኩ አይደለም። አንዳንድ ወዳጆቼ «ያስተማርካቸው የላብራቶሪ ተማሪዎች ናቸው እኮ ብዙ ሕዝብ፣ ትንቢቱ ተፈጽሟል» ይሉኛል። እንዲህ ያለ ማስተካከያ አልወድም፣ አልሆነም አልሆነም ነው። ግን እውነቱን ልናገር፣ ያቺ ቃል የተጻፈችበት ወረቀት ዛሬም መጽሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አለች፣ አልጣልኳትም። እና ትንቢትን አትከተሉ ብዬ እንዳልመክር እኔው ራሴ ተይዣለሁ።

እንግዲህ ልጄ፣ ወደ አንቺ ልመለስ። ተላኪ ወይም አትላኪ አልልሽም፣ እሱን እኔ አላውቅም። ሰኞ ግን መልቀቂያውን አታስገቢ። ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ አንቺ ብቻ የምታውቂውን ነገር መጀመሪያ በወረቀት ጻፊው፣ የትኛው እቃ እንዴት እንደሚቀቀል፣ ማታ አምቡላንስ ሲጠፋ ለማን እንደሚደወል፣ የትኛዋ እናት ባለፈው ብዙ ደም እንደፈሰሳት። ከስርሽ ያለችው ጀማሪ ልጅ «አሳይኝ» ስትልሽ የነበረ ነገር ካለ አሳያት። እሱን ጨርሰሽ አሁንም ሂጂ የሚልሽ ከሆነ ደውይልኝ፣ አብረን እንጸልያለን። ማታ ከሁለት ሰዓት በኋላ ይሁን፣ ቀን ቀን የልጅ ልጄን ነው የምጠብቀው፣ ስልክ አታስነሳኝም።