«ባቡር በትኬት ራሱን ካልቻለ መንግሥት ለምን ይክፈልበት?» ለሚሉህ

ከዓባይ ድልድይ ጀምር። ጎሐ ጽዮንና ደጀን መካከል ያለው አዲሱ ድልድይ የተሠራው በጃፓን መንግሥት እርዳታ ነው። ከማርቆስ አዲስ አበባ የሚሄድ ተሳፋሪ የድልድዩን ወጪ መልስ ተብሎ አያውቅም። «ድልድዩ አተረፈ ወይ?» የሚልም የለም። ወደ ጎጃም የሚሄድ ባቡር ይሠራ ሲባል ግን ሐዲዱም ጣቢያውም ከትኬት ይውጣ ይባላል። ተከራካሪህን እዚህ ላይ ያዘው።

ከዚያ እነዚህን ሁለቱን ጨምር፦

1. በ2010 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር በኤሌክትሪክ ነው የሚሄደው። ለአውቶቡስ ነዳጅ በዶላር እንገዛለን፤ ኤሌክትሪኩ ግን በአብዛኛው ከራሳችን ወንዞች ነው።

2. ለትርፍ ብቻ የሚሠራ ድርጅት ትልልቅ ከተሞችን መርጦ ይቆማል። ለሪፈር ባሕር ዳር የሚሄድ የቡሬ ታማሚ፣ ዩኒቨርሲቲ የደረሰው የብቸና ልጅ ከሂሳቡ ውጭ ይቀራሉ። ለእኔ ዋናው ነጥብ ይሄ ነው። የሕዝብ ገንዘብ የሚያስፈልገው ለእነሱ ነው።

አንድ ነገር ግን ተጠንቀቅ፤ ወጪውን አትደብቅ። እኔ አንድ ክርክር ላይ ስለ ጥቅሙ ብቻ አወራሁ። አንድ አባት ተነሥተው «ልጄ፣ ባቡሩን የዓባይን በረሃ በምን ያሻግረዋል?» አሉኝ፤ መልስ አልነበረኝም። የመኪናው መንገድ ወደ ዓባይ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ባቡር እንዲህ ያለ ቁልቁለት አይችልም፤ ረጅም ዙሪያ፣ ዋሻና ትልልቅ ድልድይ ይፈልጋል። ገንዘቡ የውጭ ብድር ከሆነ ደግሞ የሚመለሰው በዶላር ነው፤ ትኬቱ የሚቆረጠው በብር። ሌላ ሰው ሳይጠይቅህ ራስህ ቀድመህ አንሣው።