በማለዳ መዝገብ ለምትከፍቱ ልጆቼ

አብዛኞቻችሁ የኮምፒውተር ደኅንነት ጥበቃ ሥራ በጀመራችሁበት ሳምንት አጥቂ ፍለጋ ትወጣላችሁ። እኔም እንዲሁ ነበርኩ። አሁን ግን አስቀድማችሁ የደህናውን ቀን እንድታጠኑ እመክራችኋለሁ። ማን በስንት ሰዓት ከየትኛው ኮምፒውተር ይገባል? የሌሊቱ መጠባበቂያ ቅጂ በየትኛው አካውንት ይሠራል? በደመወዝ ሰሞን ሒሳብ ክፍል እስከ ስንት ሰዓት ያመሻል? ይህን ሳታውቁ ሎጉን፣ ማለትም ኮምፒውተሩ የተደረገውን ሁሉ የሚጽፍበትን መዝገብ ብትከፍቱ ሁሉም መስመር አንድ ይመስላችኋል።

በ1986 እ.ኤ.አ. በካሊፎርኒያው የሎውረንስ በርክሌይ ቤተ ሙከራ የኮምፒውተር አጠቃቀም ሒሳብ 75 ሳንቲም አልገጥም አለ። እዚያ ይሠራ የነበረው ክሊፎርድ ስቶል ይህችን ጉድለት አልናቃትም። ዱካዋን ሲከተል፣ ምዕራብ ጀርመን ሃኖቨር ተቀምጦ የአሜሪካን ወታደራዊ ኮምፒውተሮች እየበረበረ ለሶቪየት ኅብረቱ የስለላ ድርጅት ለኬጂቢ መረጃ ይሸጥ የነበረው ማርከስ ሄስ ዘንድ ደረሰ። ስቶል በሙያው የሥነ ፈለክ ሰው ነበር፤ የረዳው ትዕግሥቱ ነው።

በዊንዶውስ የደኅንነት መዝገብ እያንዳንዱ ዓይነት ክስተት የራሱ ቁጥር አለው። ጀማሪ ሁሉ 4625ን ያሳድዳል፤ ያልተሳካ መግቢያ ነውና። እኔን የሚያስፈራኝ ግን 4624፣ የተሳካው መግቢያ ነው። አንድ አድራሻ በደቂቃዎች ውስጥ መቶ ጊዜ ሞክሮ ድንገት ጸጥ ቢል፣ ተስፋ ቆርጦ ሄደ ብላችሁ እፎይ አትበሉ። ቀጣዩ መስመር 4624፣ የመግቢያው ዓይነትም 10 ከሆነ፣ ሰውዬው በርቀት ዴስክቶፕ፣ ማለትም ሌላ ቦታ ሆኖ ኮምፒውተሩን በሚያዝበት መንገድ ገብቷል። ከዚያ በኋላ 4720 ካያችሁ አዲስ አካውንት ተፈጥሯል፤ 4732 ካያችሁ አንድ አካውንት ወደ ቡድን ተጨምሯልና የአስተዳዳሪዎቹ ቡድን እንዳይሆን አጣሩ። 1102 ደግሞ መዝገቡ ራሱ መጠረጉን ይነግራችኋል።

ስለ ሰዓት ጠበቅ አድርጌ ልንገራችሁ፤ ይህ የእኛ አገር ሰው የሚሳሳትበት ነገር ነው። ከዓመታት በፊት በምሠራበት መሥሪያ ቤት የኔትወርኩ በር ጠባቂ የሆነው ፋየርዎል በዩቲሲ (ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው ዓለም አቀፍ መነሻ ሰዓት) 23፡10 ላይ አንድ የውጭ ግንኙነት መዘገበ። ባልደረባችን 3 ሰዓት ደምሮ በሪፖርቱ ላይ «2፡10» ብሎ ጻፈ። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ስሌቱ ትክክል ነበር። እኛ ግን ከጠዋቱ 2፡10 ብለን አነበብነው፤ ሠራተኛው ሁሉ ቢሮ የሚገባበት ሰዓት ስለሆነ ማንም አልጠረጠረም። በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 8፡10 ነበር። ለዚህ ነው በሪፖርት ላይ ሁለቱንም አቆጣጠር፣ «ሌሊት» ወይም «ጠዋት» የሚለውን ቃል ጨምራችሁ እንድትጽፉ የምለምናችሁ።

ስህተቱን ያወቅነው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። ወደ ሰርቨሩ ስንሮጥ የደኅንነት መዝገቡ መጠን ከመጀመሪያው እንደመጣ 20 ሜጋባይት ላይ ቀርቶ አገኘነው። መዝገቡ ሞልቶ በራሱ ላይ እየጻፈ፣ የምንፈልገውን ሌሊት አጥፍቶታል። መጠኑን ማሳደግ የደቂቃ ሥራ ነበር፤ ቅጂውን ወደ ሌላ ሰርቨር መላክም ቢሆን ከአንድ ቀን አያልፍም ነበር። እናንተ ይህን ነገ ሳትሉ አድርጉት።

በዚያ ሰሞን ጥርጣሬው አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ ላይ ወደቀ፤ ከቀናት በፊት የይለፍ ቃሏ ጠፍቶባት ነበርና። ወራት ሙሉ አንገቷን ደፍታ ስትገባና ስትወጣ አይቻታለሁ። እሷ እንዳልሆነች አምን ነበር። በዚያ ሌሊት የገባው ማን እንደሆነ የሚያሳዩት መስመሮች ግን አልነበሩኝም።