የአንባቢያን ጥያቄዎች፦ ስለ እንግሊዙ የሮክ ባንድ ብላክ ሳባዝ ከሐዋሳ የደረሱን ሦስት ደብዳቤዎች

(በመልሶቹ ውስጥ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጥያቄ፦ ማታ ማታ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ ከባንድ ጋር ጊታር እጫወታለሁ፤ ቀን ግን ከታላቅ ወንድሜ ጋር የብረት በርና መስኮት እንሠራለን። ባለፈው ክረምት ግራይንደር የግራ እጄን የቀለበት ጣት ጫፍ ጎድቶብኝ ክር ስጫን እስካሁን ያመኛል። ጓደኞቼ የብላክ ሳባዝ ጊታሪስት ቆራጣ ጣቶች ይዞ ነው የተጫወተው ይሉኛል። እውነት ነው? የመጀመሪያ አልበማቸውን በአንድ ቀን ቀረጹት የሚባለውስ?
(ከታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ እግዚአብሔር ይማርህ። የሰማኸው ሁለቱም እውነት ነው። የባንዱ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ከተማ የቆርቆሮ ፋብሪካ ሠራተኛ ሳለ፣ በ17 ዓመቱ፣ ሙዚቀኛ ለመሆን ሥራውን ሊለቅ በተዘጋጀበት የመጨረሻ ቀን ነው አደጋው የደረሰበት። ራሱ እንደሚያወጋው ለምሳ ወደ ቤት ከሄደ በኋላ መመለስ አልፈለገም ነበር፤ እናቱ ግን የጀመርከውን ቀን ጨርስ ብለው ላኩት። ከሰዓት በኋላ ባልለመደው ማሽን ላይ ተመድቦ ሲሠራ የቀኝ እጁን የመሐልና የቀለበት ጣት ጫፎች አጣ። አዮሚ ግራኝ ስለሆነ ክር የሚጫንበት እጁ ቀኙ ነው፤ ጉዳቱን ያከበደውም ይህ ነው።

ሐኪሞች ጊታር ይቅርብህ አሉት። የፋብሪካው ኃላፊ ግን ሊጠይቀው ሲመጣ የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አመጣለት፤ ራይንሃርት በእሳት ቃጠሎ ሁለት ጣቶቹ ከተጎዱበት በኋላ በቀሩት እየተጫወተ ስመ ጥር የሆነ ጊታሪስት ነው። አዮሚ ይህን ከሰማ በኋላ እኛ ላርጎ የምንለውን ዓይነት የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና የያዘ የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ አድቦለቦለው፤ በጋለ መበየጃ ጣቱ የሚገባበትን ቀዳዳ አወጣለት፤ በብርጭቆ ወረቀት እየፈተገ ቅርጽ ካስያዘው በኋላም ከአሮጌ የቆዳ ጃኬት የቆረጠውን ቁራጭ በላዩ ላይ በማስቲሽ ለጠፈበት፤ ምክንያቱም ባዶ ፕላስቲክ በክሩ ላይ ይንሸራተታል። አንተ የወርክሾፕ ልጅ ስለሆንክ ሥራው ምን ያህል ጊዜ እንደሚፈጅ ከእኛ በላይ ይገባሃል።

ይህ የጣት ቆብ ብቻውን ግን አልበቃም። በዚያን ጊዜ በእንግሊዝ ቀጫጭን የጊታር ክሮች ስላልነበሩ በባንጆ ክሮች ተጠቀመ። ጣቱ ክሩን በቀጥታ ስለማይዳስስ ብዙ ጣት ከሚጠይቁ ኮርዶች (በአንድነት ከሚመቱ ድምፆች) ይልቅ ሁለትና ሦስት ድምፅ ብቻ ያላቸውን ወፍራም ኮርዶች አዘወተረ። በ1971 በወጣው በሦስተኛው አልበም ደግሞ በአንዳንዶቹ ሥራዎች ላይ፣ የክራር ደርዳሪ ለዘፋኙ ድምፅ ሲል ክሩን እንደሚያላላው ሁሉ፣ የጊታሩን ቅኝት በሦስት ግማሽ ድምፅ ዝቅ አደረገው። የላላ ክር ለታመመ ጣት ይቀላል፤ ድምፁም ይከብዳል። ዛሬ በመላው ዓለም ያሉ የሄቪ ሜታል (የከባዱ ሮክ) ጊታሪስቶች ጤነኛ ጣት ይዘው የሚከተሉት ይህ አጨዋወት በከፊል የተወለደው ሕመምን ለመሸሽ ነው። አንተም ቁስሉ መዳኑን ሐኪም ካረጋገጠልህ በኋላ ቀጭን ክር ግጠም፤ ጊታርህንም በግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርገህ ሞክር። የባንድ ጓደኞችህ አብረው ካልቃኙ ግን ከኪቦርዱ ጋር እንደምትጣሉ አትዘንጋ።

አልበሙን በተመለከተ፣ ጥቅምት 16 ቀን 1969 በለንደኑ ሪጀንት ሳውንድ ስቱዲዮ በአንድ ቀን ቀረጹት። መድረክ ላይ እንደለመዱት ሁሉም በአንድ ጊዜ እየተጫወቱ ነው የተቀረጸው፤ መክፈቻው ላይ የሚሰማው ዝናብና ደወል በኋላ የተጨመረ ነው። በቀረጻው መሐል የአዮሚ ስትራቶካስተር ጊታር ስለተበላሸ በመጠባበቂያነት የያዘውን ጊብሰን ኤስጂ የተባለ ጊታር አነሣ፤ ዓለም የሚያውቀውም በዚህኛው ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ የዚህን ባንድ ፎቶ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ለጥፏል። ጎረቤቶቼ የሰይጣን አምላኪዎች ናቸው ይሉኛል። ላስነሣው?
(እናት፣ ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ እናታችን፣ በቤትዎ የሚወስኑት እርስዎ ነዎት፤ ወሬው ግን ልክ አይደለም። ባንዱ በ1968 ሲመሠረት ሌላ ስም ነበረው፤ ቀጥሎ ኧርዝ ተባለ፤ በዚህ ስም የሚጠራ ሌላ ባንድ በመኖሩ ደግሞ በ1969 የአሁኑን ስም ከአንድ አስፈሪ ፊልም ወሰደ። ሰው ገንዘብ ከፍሎ ሊፈራ ፊልም ቤት ከተሰለፈ አስፈሪ ሙዚቃም ገበያ አያጣም የሚል ስሌት ነበራቸው። አብዛኞቹን ግጥሞች የጻፈው ቤዝ ጊታሪስቱ ጊዘር በትለር በካቶሊክ ቤተሰብ ያደገ ሲሆን፣ በባንዱ ስም የተጠራው የመጀመሪያው ዘፈን ሰይጣንን አይቶ በድንጋጤ የእግዚአብሔርን ርዳታ የሚለምን ሰው ይተርካል። በመጀመሪያው አልበም የውስጥ ሽፋን ላይ የታተመውን የተገለበጠ መስቀል ያስገባው የሸክላ አሳታሚው ድርጅት ነው፤ የባንዱ አባላት ቀድመው አላወቁም ነበር። እኛ ይልቅ ልጅዎን ቢያነጋግሩበት የምንመርጠው የመጠጥና የአደንዛዥ ዕፅ ታሪካቸውን ነው። ድምፃዊው ኦዚ ኦዝቦርን በ1979 ከባንዱ የተባረረው በዚሁ ጦስ ነው፤ የቀሩትም ቢሆኑ ከእርሱ የተሻሉ አልነበሩም።

ጥያቄ፦ ባንዱ ዛሬም አለ?
(ከሐይቅ ዳር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ የለም። ከ1970 እስከ 2013 ባወጧቸው 19 የስቱዲዮ አልበሞች ሁሉ ላይ ሳይለይ የተጫወተው አዮሚ ብቻ ነው፤ ከኦዚ በኋላ ሮኒ ጄምስ ዲዮን ጨምሮ በርካታ ድምፃውያን ተፈራርቀዋል። የስንብት ጉዟቸውን በየካቲት 2017 በትውልድ ከተማቸው ቢያጠናቅቁም፣ ሐምሌ 5 ቀን 2025 አራቱ መሥራቾች፣ ድራም ተጫዋቹን ቢል ዋርድን ጨምሮ፣ በበርሚንግሃሙ ቪላ ፓርክ ስታዲየም አንድ ጊዜ ተገናኝተዋል። ኦዚ በፓርኪንሰን ሕመም ምክንያት ተቀምጦ ነበር የዘፈነው፤ በዚያው ወር በ22ኛው ቀንም በ76 ዓመቱ ዐረፈ። ሥራዎቻቸውን ገና መስማት ለሚጀምር አንባቢ በ1970 በወጣው ሁለተኛው አልበም፣ በፓራኖይድ፣ ቢጀምር እንመክራለን።