ጥቁር መኪናን በጨለማ በብርሃን መቀባት

ከፍኖተ ሰላም የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦ «ጋሼ፣ መኪና ለሚያሻሽጡ ሰዎች ፎቶ አነሳለሁ። ካሜራዬ ካኖን 600ዲ ነው፣ ሌንሱም አብሮት የመጣው 18-55። ማታ ሹተሩን (ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መዝጊያ) 30 ሰከንድ ከፍቼ አንድ ጥቁር ኮሮላ በእጅ ባትሪ እየዞርኩ ላበራው ሞከርኩ። ቦዲው ላይ ነጫጭ ነጠብጣብና የተጠማዘዘ መስመር ብቻ ወጣ፤ እኔም እንደ ጥላ እታያለሁ። ባትሪው ደካማ ሆኖ ነው? ጠንከር ያለ ልግዛ?»

አትግዛ፣ ወንድሜ። የጎደለህ የባትሪው ጉልበት ሳይሆን ስፋቱ ነው።

የጭቃ ግድግዳ ላይ ብርሃን ብታሳርፍ ብርሃኑ በየአቅጣጫው ስለሚበተን ግድግዳው ከየትም ይታያል። የመኪና ቀለም ግን ከላዩ የሚያብረቀርቅ ግልጽ ሽፋን አለው፤ ቀለሙ ጥቁር ሲሆን ደግሞ ከሽፋኑ ሥር የሚበተን ብርሃን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። ስለዚህ ካሜራህ የሚያየው ቀለሙን ሳይሆን በቀለሙ ውስጥ የተንጸባረቀውን ነገር ነው። ባትሪህ ትንሽ ክብ ስለሆነ በበሩም ላይ ትንሽ ክብ ሆኖ ታየ፤ እጅህ ሲወዛወዝ ክቡ ጥምዝ መስመር ሆነ። ባለ ትልቅ ጉልበት ባትሪ ብትገዛ ያው ነጠብጣብ ነጥቶ ይወጣልሃል እንጂ አይጠፋም። ነጭ ወይም ብርማ መኪና ቢሆን ኖሮ ችግሩ ይህን ያህል ባልጎላም ነበር፤ የጀመርከው ከከባዱ ነው።

እንግዲህ የሚያስፈልግህ ረጅምና ቀጥ ያለ መብራት ነው። ከኤሌክትሪክ ዕቃ መሸጫ በፖውር ባንክ የሚሠራ ባለ 5 ቮልት የኤልኢዲ ስትሪፕ ፈልግ። አንድ ሜትር ገደማ በሆነ ቀጥ ያለ የእንጨት ጣውላ ላይ ለጥፈው፤ ከፊቱ ነጭ አቡጀዴ ወጥረህ ሸፍነው፤ ጨርቁ ከአምፖሎቹ ጥቂት ሴንቲሜትር ራቅ ይበል፣ አለዚያ የየአምፖሉ ነጥብ ይታያል። ጀርባውንና ጫፎቹን በጥቁር ፕላስተር ዝጋቸው፤ ብርሃን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይውጣ። ስትሪፑ የብርሃን መቀነሻ ካለው አትንካው። ብዙዎቹ መቀነሻዎች መብራቱን በፍጥነት እያጠፉና እያበሩ ነው የሚያደበዝዙት፤ መብራቱ ሲንቀሳቀስ መስመሩ ተቆራርጦ ይወጣል። ብርሃኑ ከበዛብህ አንድ ድርብ አቡጀዴ ጨምር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ሹተር ከመንካትህ በፊት ካሜራውን ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ላይ አስቀምጥና ዓይንህን ከሌንሱ አጠገብ አድርገህ ቁም። ጓደኛህ መብራቱን አብርቶ መኪናው አጠገብ ከፍ ዝቅ ያድርግልህ። የመብራቱ ምስል በቦዲው ላይ የት እንደሚያርፍ በዓይንህ ታያለህ። ከመስኮቱ በታች ያለው የቦዲው ትከሻ፣ ኮፈኑና ጣሪያው ወደ ላይ ስለሚያዩ የሚያንጸባርቁት ሰማዩን ነው፤ ለእነሱ መብራቱ ከላይ ይያዛል። የበሩ የታችኛው ክፍል ግን የሚያንጸባርቀው ከፊቱ ያለውን መሬት ነው። እዚያ ብርሃን ከፈለግህ በሩን ራሱን ሳይሆን ከበሩ ፊት ያለውን መሬት አብራ፤ የበራው መሬት በበሩ ውስጥ ለስላሳ ሆኖ ይታያል። ብዙ ሰው ይህን ስለማያውቅ የመኪናውን ታች በባትሪ ሲደበድብ ያመሻል። ቦታዎቹን ካገኘህ በኋላ የመብራቱን ከፍታ በአካልህ ለካ፤ በወገብ፣ በደረት፣ ክንድ ተዘርግቶ ከራስ በላይ እያልክ ያዘው።

አካሄዱን ከጋራዥ ቀለም ቀቢ ተማር። ቀቢው መርጫውን የሚከፍተው ከበሩ ጠርዝ ቀድሞ ነው፤ እጁን በአንድ ርቀትና በአንድ ፍጥነት ይስባል፣ የሚዘጋውም ጠርዙን ካለፈ በኋላ ነው። አንተም ጣውላውን ከመኪናው ርዝመት ጋር ትይዩ አድርገህ፣ ከኋላ ፓራውልቱ ቀደም ብለህ ጀምር፤ ሳትቆም ሂድ፤ ባውዛውን አልፈህ አጥፋ። ለአፍታ የቆምክበት ቦታ ነጥቶ ይቀራል። አንተን እንደ ጥላ ያሳየህም መቆምህና የባትሪው ብርሃን በራስህ ላይ መመለሱ ነው። ጠቆር ያለ ልብስ ልበስ። እኛ ደብረ ማርቆስ ማታው ይበርዳል፣ ጋቢ ያምራል፤ ለዚህ ሥራ ግን ነጭ ጋቢ አይሆንም። የበራውን ፊት ፈጽሞ ወደ ሌንሱ አታዙር። መብራት ሌንሱን ሲያይ በአየር ላይ መስመር ይስላል፤ ሠዓሊው ፓብሎ ፒካሶ በ1949 እ.ኤ.አ. በፎቶ አንሺው ጆን ሚሊ ካሜራ ፊት የሠራው ይህን ነው። አንተ የምትፈልገው ሌላ ነው፤ መብራቱ ተደብቆ ነጸብራቁ ብቻ እንዲታይ።

የካሜራው ነገር ቀላል ነው፦ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ንቃት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 8፣ ሹተር ከ15 እስከ 30 ሰከንድ፣ ፋይሉ ሮው (ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ፋይል)። የሌንሱን ዙም ወደ 50 ሚሊሜትር ገደማ አድርገህ ራቅ በል፤ በ18 ተጠግተህ ካነሳኸው አፍንጫው ያብጣል። ባውዛውን በባትሪ አብርተህ ፎከስ አድርግና ወደ ማኑዋል ቀይረው። ዋይት ባላንሱን (የቀለም ማስተካከያውን) አውቶ ላይ አትተው፣ በየፍሬሙ (በየፎቶው) ቀለሙ ይለዋወጥብሃል። የሌንሱን ማረጋጊያ አጥፋ። የረጅም ሹተር ኖይዝ (የፎቶ ላይ ብናኝ) መቀነሻውንም አጥፋ፤ 30 ሰከንድ ባነሳህ ቁጥር ሌላ 30 ሰከንድ ያስጠብቅሃል። ሌንሱ ላይ ፖላራይዘር የሚባለው ማጣሪያ ካለህ አውልቀው፤ እሱ የሚያጠፋው አንተ የምትለፋበትን ነጸብራቅ ነው። የአካባቢውን ጨለማ ለመለካት 30 ሰከንድ አትጠብቅ። በአይኤስኦ 3200 በ1 ሰከንድ የምታየው በአይኤስኦ 100 በ30 ሰከንድ ከምታገኘው ጋር ተቀራራቢ ነው።

ሁሉንም በአንድ ሹተር ለመጨረስ አትሞክር። የመጀመሪያውን ፍሬም ሰማዩ ገና ሰማያዊ ሳለ ያለ መብራት አንሳ። እኛ አገር ፀሐይ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ያ ጊዜ ከ20 ደቂቃ ብዙም አያልፍም፤ ኅዳር ላይ ከሆነ ከምሽቱ 12 ሰዓት በፊት ትራይፖድህ ቆሞ ይጠብቅ። ከዚያ ለትከሻው አንድ፣ ለኮፈኑ አንድ፣ ለጣሪያው አንድ፣ ለመሬቱ አንድ፣ ለቸርኬዎቹ አንድ ፍሬም ያዝ። የእጅ ባትሪህ የሚጠቅመው ቸርኬ ላይ ነው፤ ከጎን ጥቂት ሰከንድ ብቻ አብራው። የመኪናውን ፓርኪንግ መብራት ለብቻው በሆነ ፍሬም 1 ሰከንድ ያህል አብርተህ አጥፋ፤ ለዚህ በር መክፈት ስለሚያስፈልግ መጨረሻ ላይ አድርገው። እስከዚያ የእጅ ፍሬኑ ይያዝ፣ ማንም አይግባ፣ ማንም ቦዲውን አይደገፍ።

ፍሬሞቹን ፎቶሾፕ ላይ ደርድራቸውና የላይኞቹን ሌየሮች (ድርቦች) «ላይትን» በሚለው አዋህዳቸው። ፕሮግራሙ በየነጥቡ ከሁሉም ፍሬሞች የበራውን ብቻ ይመርጣል፤ ስለዚህ ጨለማው ላይ የቆምክበት ጥላ በሌላው ፍሬም ይሸፈናል። ፎቶሾፕ ከሌለህ በነፃ የሚገኘው ጊምፕ ይሠራዋል። ስልክ ላይ ስናፕሲድ በድርብ ኤክስፖዠሩ ውስጥ ያው ምርጫ አለው፤ ግን ሁለት ሁለቱን እያልክ ነው።

ቦታ ስትመርጥ የመንገድ መብራት የሌለበትን ሰፊ ግቢ ፈልግ፤ የጋራዥ ወይም የላቫጆ ግቢ ከሥራ ሰዓት በኋላ ጥሩ ነው። ጥቁር ቦዲ ባሕር ዛፉንም፣ የጎረቤቱን አምፖልም ያንጸባርቃልና ከካሜራው ኋላ ያለውን ሁሉ ተመልከት። በደጀን በኩል የአባይ በረሃ ዕይታ እንደሚያጓጓህ አውቃለሁ፤ የከባድ መኪና ባውዛ ፍሬምህን ያጥበዋል፣ በጨለማ መንገድ ዳር መቆሙም ለሕይወትህ ያሰጋል፣ እዚያ አትሂድ። ለግቢው ጥበቃ አስቀድመህ አሳይና አስረዳ፤ በጨለማ መኪና ዙሪያ የሚዞር ሰው ያስደነግጣል። መኪናው በዚያው ቀን ይታጠብ፤ ከታጠበ በኋላ የጠጠር መንገድ ካቋረጠ እንደገና በለስላሳ ጨርቅ ይወልወል፣ ጤዛ ካረፈበትም እንዲሁ። አግድም የሚመጣ ብርሃን ቀን የማይታይ አቧራን ሁሉ ያወጣል።

መጀመሪያ የትከሻውን መስመር ብቻ አንሳ፤ እሱ ቀጥ ብሎ እስኪወጣ ወደ ሌላው አትለፍ። አሁንም ከተጠማዘዘ ያልተዋሃደውን አንዱን ፍሬም ላክልኝ፤ መብራቱን በምን ከፍታ እንደያዝክና ከየት እስከ የት እንደሄድክም ጻፍልኝ።