የሎሚ ችግኝዎ በክረምት ቢጫ ከሆነ ዩሪያውን ይተዉና እግሩን ይግለጡ

ጠያቂያችን ባሕር ዳር በሚገኘው ግቢያቸው የተከሏቸው የሎሚ ችግኞች ከሐምሌ ወዲህ ቅጠላቸው ቢጫ እየሆነ መርገፍ እንደ ጀመረ ገልጸው፣ ዩሪያ ቢጨምሩላቸው ይሻል እንደ ሆነ ጠይቀዋል። እባክዎ አይጨምሩ። እኔ ጨምሬ ከ12 ችግኞች 9ኙን አጥቻለሁ። የእርስዎም ግቢ ዓባይ ማዶ እንዳለው የእኔ ግቢ ክረምት ሲገባ ውኃ የሚያቁር ጥቁር ዋልካ እንደሚሆን ስለምገምት፣ የደረሰብኝን እንዳለ እጽፍልዎታለሁ።

1ኛ. ዛሬውኑ በግንዱ ዙሪያ ያለውን አፈር በእጅዎ ይግለጡ። ዶማ አይጠቀሙ፤ ቅርፊቱ ከቆሰለ በሽታውን በር ከፍተው ያስገቡታል። ችግኙ የተዳቀለ ከሆነ፣ የተዳቀለበት እብጠት ከአፈር በላይ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ብሎ መታየት አለበት። ሎሚን በኮምጣጣ ብርቱካን ሥር ላይ የሚያዳቅሉት ኮምጣጣ ብርቱካን በእርጥብ አፈር ውስጥ የሚኖረውን የእግር አበስብስ በሽታ ከሎሚ ይልቅ ስለሚቋቋም ነው። እብጠቱ ከተቀበረ ግን አፈሩን የሚነካው በሽታውን የማይችለው የሎሚው ክፍል ስለሚሆን፣ ለድቀላው የከፈሉት ገንዘብ በከንቱ ቀረ ማለት ነው።

2ኛ. ፍግም ሆነ ብስባሽ ግንዱን እንዳይነካ ይጠንቀቁ። ይህን አጥብቄ የምናገረው ስለ ተቃጠልሁበት ነው። ችግኞቹን በሰኔ ስተክል ነፋስ እንዳይጥላቸው በማለት በፕላስቲኩ ውስጥ ከነበሩበት ጥልቀት አሳልፌ ቀበርኋቸው፤ ዙሪያቸውንም ውኃ እንዲይዝ እንደ ሳሕን አጎድጉጄ፣ እስከ ግንዱ ድረስ ፍግ ሞላሁበት። እንዲህ ያለው ጉድጓድ በበጋ ለሚያጠጣ ሰው ይጠቅመው ይሆናል። የእኛ አገር ዝናብ ግን አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚወርድ፣ የችግኞቼ እግር ክረምቱን ሙሉ ከውኃ አልወጣም። ቢጫነቱ ከቅጠሉ መሐል ጅማት ሲጀምር ርቧቸው ነው ብዬ ዩሪያ ጨመርሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ቅጠሉ ባሰበትና ይረግፍ ጀመር።

ከዚያ በኋላ የቅርፊቱን ቁራጭ በወረቀት ጠቅልዬ ጉዳዩ ይመለከተዋል ወዳሉኝ አንድ መሥሪያ ቤት ሄድሁ። ሦስት ቀን አመላለሱኝ። በሦስተኛው ቀን ያገኘሁት ባለሙያ የያዝሁትን ወረቀት እንኳ ሳይፈታ፣ «ለጓሮ ዛፍ ጊዜ የለንም፤ ዩሪያ ጨምርበት» ብሎ አሰናበተኝ። ይህ ንግግር እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል። ወረቀቱን ፈትቶ ቢያይ በቅርፊቱ ላይ የደረቀውን፣ የእግር አበስብስ ምልክት የሆነውን ሙጫ ያገኝ ነበር፤ በዚያን ቀን ገና ሰባት ችግኞች በሕይወት ነበሩ።

ነገሩን የገለጡልኝ ከዘጌ ሎሚ እያመጡ የሚሸጡ አንድ አባት ናቸው። ዘጌ መሬቱ የማይታረስበት፣ ቡናው፣ ጌሾውና ሎሚው በአንድ ደን ውስጥ አብሮ የሚያድግበት አገር ስለሆነ፣ የዚያ ሰው ስለ ሎሚ የሚናገረው ሊሰማ ይገባዋል። ግቢዬ ድረስ መጥተው ተንበረከኩ፤ ፍጉን በእጃቸው ጠርገው ቅርፊቱን በጥፍራቸው ጫር ሲያደርጉት ከሥሩ ቡናማና የሚሸት ሆኖ ተገኘ። «እግሩ ታንቆ ሳለ ታበላዋለህ?» አሉኝ። የበሰበሰውን ቅርፊት በንጹሕ ቢላዋ ጤነኛው አረንጓዴ እስኪታይ ድረስ ፍቀን፣ ቁስሉን የመዳብ ፀረ ፈንገስ ቀባነው፤ ውኃው የሚወጣበትንም ቦይ ቀደድን። ሦስቱ የተረፉት በዚህ ነው። ቁስሉ ግንዱን ዙሪያውን ከከበበው ግን ችግኙ አይድንም፤ ነቅለው ይጣሉት፤ በዚያው ጉድጓድም ሌላ ሎሚ አይተኩበት።

በቀጣዩ ዓመት አዲስ ስተክል አስቀድሜ ጉድጓድ ቆፍሬ ውኃ ሞላሁበትና አሳደርሁት። ጠዋት ውኃው እንዳለ ስላገኘሁት ጉድጓዱን ትቼ፣ ቀይ አፈር ከብስባሽ ጋር ቀላቅዬ ጉልበት የሚደርስ ጉብታ ሠራሁና በዚያ ላይ ተከልሁ፤ በችግኞቹም መካከል አምስት አምስት ሜትር ተውሁ። በሦስተኛው ዓመት ፍሬ ሰጡ። ዛሬ ከቤቴ አልፌ በጣና ዳር ዓሣ ለሚጠብሱ ሁለት ቤቶች ሎሚ አቀርባለሁ፤ ከገበያው ይልቅ የእኔን የሚመርጡት በጭማቂው ብዛት መሆኑን ሲነግሩኝ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ቅጠሉ ላይ የወፍ ኩስ የሚመስል አባጨጓሬ ካዩ በእጅዎ ይልቀሙት፤ መድኃኒት አያስፈልገውም። ግንዱን ሲገልጡ ሙጫ ካገኙ ፎቶውን አንስተው እዚሁ ይለጥፉልኝ፤ የቁስሉን ስፋት አይቼ መፋቅ ወይም መንቀል እንደሚሻል በዚያው ቀን እመልስልዎታለሁ።