መልስ፦ የሠራተኛን ሥራ ደጋግሞ መፈተሽ

ሰላም እህቴ። የሒሳብ ክፍል ኃላፊ ከሆንሽ ወዲህ የአራቱን ሠራተኞች ሥራ ማታ ማታ እንደገና እንደምትሠሪ፣ «ስህተት ከተገኘ አትችልም ይሉኛል» የሚለው ሐሳብም እንቅልፍ እንደነሳሽ ጽፈሻል።

የቁጥጥሩ ሥር ያ ሐሳብ ነው። ሲመጣ ቃል በቃል ወረቀት ላይ አስፍሪው፤ ከጎኑ ባለፈው ወር በእርግጥ የተገኘውን ስህተትና ያስከተለውን ጉዳት ጻፊ። «ሁሉም ተበላሽቷል» ያልሽው ሁለት የተሳሳቱ ደረሰኞች ሆኖ ልታገኚው ትችያለሽ።

ከዚያ ለቡድኑ በግልጽ ንገሪያቸው፦ «ሥራችሁን ደጋግሜ የማየው ስለማላምናችሁ ሳይሆን እኔ ስለምፈራ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ከ50,000 ብር በላይ ክፍያና የወር መጨረሻውን የባንክ ማስታረቂያ ብቻ አያለሁ።» (ማስታረቂያ የመዝገቡን ሒሳብ ከባንኩ መግለጫ ጋር ማመሳከር ነው።) ገደቡን እንደ መሥሪያ ቤትሽ አስተካክዪው። ማብራሪያ ግን አታብዢ፤ ያሳቅቃቸዋል።

ብዙ ኃላፊ የሚሰናከለው ስህተት ሲያይ ዝም ብሎ ስለሚያርም ነው። ሠራተኛው «እሷ ታስተካክለዋለች» ብሎ መፈተሹን ይተዋል፣ ስህተቱ ይበዛል፣ አንቺም መቆጣጠርሽ ልክ የነበረ ይመስልሻል። መስመሩን አመልክተሽ መልሺለት እንጂ እስክሪብቶ አታንሺ። ሥራውን ለማጣራት ለሠራተኛው ልደውል ልደውል ሲልሽ ደግሞ 20 ደቂቃ ቆዪ።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይከብዳሉ። ከዚያም በኋላ እንቅልፍ እምቢ ካለሽ የሥነ ልቦና ባለሙያ አማክሪ።